አቶ ኸድሩ በሳሎን ሲሳፈሩ

በዚህች አገር እሱን ሳይዝ ከመነኸሪያ የሚወጣ አውቶቡስ የለም። ታውቁታላችሁ። ገና ረዳቱ በሩን ሳይዘጋ የስንቅዎን ዓይነት፣ የጨጓራዎን ሕመምና የአማችዎን አመል አጣርቶ የጨረሰው ተሳፋሪ ነው። ሸለብ ሲያደርግዎት ጉልበትዎን መታ አድርጎ ይቀሰቅስዎታል፤ ያ የሚያምረው ተራራ እንዳያመልጥዎት! ሌላው ሰው ቤቱ ለመድረስ ይሳፈራል፤ እሱ ግን ከተሳፈረ ቤቱ ገብቷል።

በደርግ ጊዜ የዚህ ወገን የዲላ ተጠሪ ክቡር አቶ ኸድሩ ነበሩ። ገበያው ዳር ሳሙና፣ ባትሪና ኩራዝ የሚሸጡባት ሱቅ ነበረቻቸው። አውቶቡስ ላይ ሲወጡ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ትክ ብለው ያዩና «ፊትህ አዲስ አይደለም!» ይላሉ። ሰውየው ከጎጃም የወጣው ገና ትናንት ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ አዋሳ ሳይደርሱ ዘመድ ይሆናል። አንድ ቀን ይርጋጨፌ ድረስ ዕቃ ሊያደርሱ ሄደው አንድ የሰርግ ጥሪና አንድ የሽምግልና ቀጠሮ ይዘው ተመለሱ። ዕቃውን ግን አውቶቡሱ ላይ ረሱት።

የሚወዷት አሮጌዋን አውቶቡስ ነበር። ከተሜው «ሸንጎ» ይላታል። ከአዲስ አበባው ሸንጎ የምትለየው፣ እዚህ ሁሉም የመሰለውን መናገሩ ነው። ኬላ ሲቃረብ አቶ ኸድሩ ብድግ ይላሉ። ከዲላ የሚወጣ መንገደኛ ለዘመድ የሚሆን ቡና ሳይቋጥር አይወጣም፤ ፈታሾቹ ደግሞ በዛ ያለውን ይወስዳሉ። ስለዚህ አቶ ኸድሩ ከበዛባት ሴትዮ ቆንጠር እያደረጉ ምንም ላልያዘው «ያዝላት፣ እህትህ ናት» እያሉ ያከፋፍላሉ። ሊቀመንበርነቱን የሰጣቸው የለም፤ የተቃወማቸውም የለም።

አምና ግን ሸንጎ ጉድ ሠራቻቸው። ዓረፋ ሲደርስ እንደ አገራቸው ልጆች ሁሉ ቤተሰቡን ይዘው ወደ ቡታጅራ፣ ወደ እናታቸው ቤት ይሄዳሉ። ልጃቸው ሱራያ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከእግራቸው ሥር ፍየል፣ ከኋላቸው ትምባሆ፣ ከላይ የማይዘጋ ቴፕ! ልጅቷ መንገዱን በሙሉ ስታስመልስ ሄዳ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆና ደረሰች። አያቷ ወይዘሮ ሀዲጃ እጃቸውን ሲዘረጉላት እሪ ብላ እናቷ ነጠላ ውስጥ ገባች። በዓሉ እስኪያልፍ ወጥታ ፊቷን አላሳየቻቸውም።

ዘንድሮ ደግሞ የአቶ ኸድሩ ወንድም ነዚፍ ክፉ ወሬ ይዞ መጣ። የእናታቸው ዓይን እየጨለመ ነው፤ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠም። «የዚያችን ልጅ ፊት አንዴ በደንብ ልየው» ብለዋል ወይዘሮ ሀዲጃ፤ «ከዚያ በኋላ ይጨልም።»

ጦይባ፣ የአቶ ኸድሩ ባለቤት፣ ያን ዕለት ፍርድ ሰጠች።

«በሳሎን ነው የምንሄደው፣ የሱራያ አባት።»

ሳሎን የተባለው አዲሱ አውቶቡስ ነው። መጋረጃ አለው፤ ወንበሩ እንደ ፍራሽ ነው፤ ትርፍ ሰው አይጭንም። የሚሳፈሩበት ሹማምንትና ባለሙያዎች ናቸው።

«ጦይባ፣ እዚያ እኮ ሰው አያወራም!»

«ለዚህ ነዋ! ልጅቷ ተኝታ ትሄዳለች፣ ደህና ሆና ትደርሳለች። አንተም አፍህን ትይዛለህ። ወላሂ በል።»

«እስከ ዝዋይ?»

«እስከ ዝዋይ። ከዚያ ነዚፍ በመኪናው ወደ ቡታጅራ ይወስደናል።»

አቶ ኸድሩ ወላሂ አሉ። ድምፃቸው የቀብር ሰው ድምፅ ነበር።

ሳሎን ከዲላ የወጣው በማለዳ ነው። ጉም የእንሰቱን ጫፍ ይዞ ነበር፤ ከዋንዛው ሥር ያለው ቡና እያንጠባጠበ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሞተሩ እንኳ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ከአቶ ኸድሩ ማዶ የካኪ ሱፍ የለበሱ፣ ወልደዮሐንስ የሚባሉ ሹም ጋዜጣ ዘርግተዋል። ፊታቸው በእውነት አዲስ አልነበረም! አቶ ኸድሩ ቃሉን እስከ ጉሮሯቸው አደረሱት፤ ጦይባ አየቻቸው፤ ዋጡት። መስኮቱን ዘመዳቸው ይመስል አንገታቸውን እየነቀነቁ ተመለከቱት።

ሱራያ ግን አልተኛችም። ዓይኗን በልጥጣ መንገደኛውን አንድ በአንድ አየችና በአባቷ ጆሮ ጠየቀች።

«አባዬ፣ ሰዎቹ ሞተዋል?»

«አልሞቱም፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።»

አዋሳን ሲያልፉ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሻሸመኔ ላይ ለቅሶው ፈነዳ። አስተናጋጇ ውዳሴ ከረሜላ ይዛ መጣች፤ ሱራያ ከረሜላውን ወረወረችው። ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋዜጣው ዝቅ አለ። ጦይባ ብታባብል፣ ደረቷ ላይ ብትለጥፋት፣ ብትቆጣ ምንም የለም። ልጅቷ ልክ እንደ አምናው እየቀላች፣ ትንፋሽ እያጠራት ሄደች። ዝዋይ ሩቅ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ነው ጦይባ የገባት። ይህች ልጅ የሱቅ ልጅ ናት። የተወለደችው ከሳሙና ካርቶን ጀርባ፣ እንቅልፍ የሚወስዳትም «ቀንስ!»፣ «አልቀንስም!» በሚባልበት ጩኸት መሃል ነው። ሰው ዝም ካለ ሱቁ የተዘጋ፣ እሷም ብቻዋን የቀረች ይመስላታል።

«አውራ» አለች ባሏን።

«ምን?»

«አውራ እንጂ! የፈለግከውን አውራ!»

አቶ ኸድሩ ከእስር የተፈታ ሰው መሰሉ።

«ሱራያዬ» አሉ፣ «ይሄ እኮ አውቶቡስ አይደለም። ከአልጋሽ በላይ የተሰቀለው፣ ካላንደሩ ላይ ያለው መርከብ ነው።»

ለቅሶው ቆም አለ። «መጋረጃ አለው እንዴ መርከብ?»

አቶ ኸድሩ በሕይወታቸው መርከብ አይተው አያውቁም። ተደናገሩ። መልሱ የመጣው ከጋዜጣው በስተጀርባ ነው።

«ትልቁ አለው። እኔ አሰብ ወደብ ሠርቻለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አላልኩሽም? እሳቸው የመርከቡ ሹም ናቸው። ይቺ እህታችን ደግሞ የባሕሩን ቁልፍ የምትይዘዋ ናት። ያ ጉሮሮውን የጠረገው፣ ዓሦቹ ከመንገድ ዘወር እንዲሉ ነው።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። በመስኮቱ ማዶ ላንጋኖ ብቅ አለ፤ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ፀሐይ የምታንቀላፋበት።

«ውሃው ለምን እንደዚህ ሆነ፣ አባዬ?»

«ሻይ ነዋ! ለመንገደኛው ተፈልቶ ነው። ስኳሩን ቀበሌ ገና ስላላደለ ነው የማንጠጣው።»

ሁሉም በጎን ሹሙን ተመለከተ። አቶ ወልደዮሐንስ ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ከዚያም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ሳሎን በሙሉ ተከተላቸው፤ ሱራያም ሳቀች። በዚያ ሳቅ መሃል፣ በሰው ድምፅ ተከባ፣ ሱራያ ጭልጥ ብላ ተኛች።

አቶ ኸድሩ ሊያቆሙ ሲሉ ጦይባ በክርኗ ጎሸመቻቸው። «አታቁም፤ ትነቃለች።» ውዳሴም የወንበሩን ጀርባ ተደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ «ከዚያስ መርከቡ የት ደረሰ?» አለቻቸው። አቶ ኸድሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ። ግራሩ እንደ ማዕበል እየመጣ ያልፋል፤ ትልልቆቹ ሰዎች መጋረጃውን ገልጠው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው ይሰማሉ። እኔ ልንገራችሁ፣ እንዲህ ያለው ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ወንበር አትቀይሩ!

ዝዋይ ላይ ነዚፍ በፒክአፑ ጠበቃቸው። ወይዘሮ ሀዲጃም ጋቢና ውስጥ ነበሩ። «ቤት ጠብቂ ብላት እምቢ አለች» አለ ነዚፍ።

ሱራያ ከአውቶቡሱ ወረደች፤ ጉንጯ ላይ የወንበሩ ስፌት ታትሟል። ወይዘሮ ሀዲጃ እጃቸውን አልዘረጉም። አምና ያስለቀሳትን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ቆሙ።

ልጅቷ አሮጊቷን ሽቅብ አየቻቸው።

«እኛ በመርከብ መጣን» አለች። «ሹሙ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።» ነገሩ ትዝ ብሏት እንደገና ሳቀች።

ወይዘሮ ሀዲጃ በርከክ አሉ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፀሐይ አቀኑት፤ አፍንጫቸው አፍንጫዋን እስኪነካ ተጠጉ። ብዙ ጊዜ ቆዩ። ሳሎን ሞተሩ በርቶ እንደቆመ ነው፤ ሹፌሩ አልሄደም፤ መስኮቱ ሁሉ ሰው ነው።

«ፍንጭት ናት እኮ!» አሉ ወይዘሮ ሀዲጃ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ! ዕድሜህን ሙሉ ስትለፈልፍ ኖረህ፣ ፍንጭት መሆኗን ሳትነግረኝ?»

አቶ ኸድሩ አዲስ ነገር የሰሙ ይመስል እሳቸውም ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ጥርስ አዩ።

«ሳቂልኝ እስቲ እንደገና» አሉ ወይዘሮ ሀዲጃ።

ሱራያም ሳቀችላቸው።