ጅቡቲ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ

ከልጇ ጋር አገር ልታይ የወጣች እናት አገር አታይም። የምታየው የልጇን ማጅራት ነው። እኔ ጅቡቲ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ባሕሩ ምን ይመስላል ብትሉኝ ከሂክማ ጀርባ በስተግራ በኩል ሰማያዊ ነገር ነበር እላችኋለሁ። ሌላ የማውቀው የለም።

ሂክማ የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ ሰባተኛ ክፍል። እዚህ ጭሮ የምትማርበት ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ክበቡን ልጆች ለጉብኝት ጅቡቲ እወስዳለሁ ብሎ ተነሳ። ሴቶቹን የምትጠብቅ አንዲት እናት ታስፈልጋለች ሲባል ሌሎቹ እናቶች ገና ሲተያዩ የእኔ እጅ ወጥቶ ነበር። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ጭሮ ቁጭ ብዬ ከምጨነቅ አጠገቧ ሆኜ ብጨነቅ ይሻላል ብዬ ነው።

የተማርኩት የጎልማሶች ትምህርት ነው፤ አነባለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ። እንደ ምንም ብዬ በነጭ ጨርቅ ላይ ስሟን በእስክሪብቶ ጻፍኩና ቀሚሷ ውስጥ ሰፋሁት። ብትጠፋስ? እሷ አየችውና «እማ፣ እኔ በግ ነኝ እንዴ?» ብላ ተቆጣች። በግ አይደለሽም፣ በግማ ቤቱን ያውቃል አልኳት።

ከሚኤሶ በባቡር ሄደን ጅቡቲ አደርን። በማግስቱ ጠዋት ሂክማ «ነይ ሻሽሽን ላስተካክልልሽ» ብላ ማጅራቴን ነካካችው። ምን መጣ ዛሬ፣ ልጄ በእኔ ማፈር ተወች እንዴ ብዬ ደስ አለኝ። መንገድ ላይ ግን እጇን ስይዛት «እማ፣ ወንዶቹ ያያሉ» ብላ አስለቀቀችኝ።

ያ ቀን ቀን ነበር ወይስ ሩጫ? ወደብ አየን ተባለ፣ መርከብ አየን ተባለ፣ መስጊድ አየን ተባለ። የክበቡ መምህር ብሩክ ከፊት ሆኖ «ቶሎ ቶሎ! ገና አራት ቦታ ይቀረናል!» ይላል። እኔ ከኋላ ሴቶቹን እቆጥራለሁ። አሥራ አራት ናቸው። አንዴ አሥራ ሦስት ይሆኑብኛል፣ አንዴ አሥራ አምስት። አሥራ አምስተኛዋ የሰው አገር ልጅ ሆና ተገኘች፤ እጇን ጨብጬ ሁለት መንገድ አሻግሬያታለሁ። እናቷ ምን እንዳለችኝ አልገባኝም፤ ባይገባኝም ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ፦ የሱቁ ጽሑፍ ሁሉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ እኔና መምህሩ እኩል ሆንን። እሱም ቆሞ ያያል፣ እኔም ቆሜ አያለሁ።

ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ገበያው መሐል ስንደርስ ነው ነገሩ የመጣው። ጥሩምባ ተነፋ። ረጅም፣ የማይቋረጥ።

የጭሮ ሰው ይህን ጥሩምባ ያውቃል። ጫት የጫነ መኪና ነው። ጫት የጫነ መኪና ደግሞ አይቆምም፤ ጥሩምባው ከተሰማ ሰውም ባጃጁም ፍየሉም ጠርዝ ይይዛል። ሂክማ ከመራመዷ በፊት ያስተማርኳት ይህንን ነው። እናም «ያ ረቢ!» ብዬ እጇን ያዝኩና ወደ ኋላ ሮጥኩ። የጅቡቲ ሰውስ? እሱም ሮጠ፣ ግን ወደ መኪናው! ሽማግሌው፣ ሹፌሩ፣ ባለሱቁ፣ ሁሉ ፊት ለፊት ይመጣብኛል። ይህ ሕዝብ ምን ነካው? እየተጋፋሁ፣ ልጄን እየጎተትኩ ሁለት ጥግ ታጠፍኩ።

ዘወር ብዬ ሳይ የያዝኩት የቦርሳዋን ማንገቻ ነው። ቦርሳው አለ፣ ልጄ የለችም።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ደህና አድርጌ አላውቅም። ስልኬ እዚያ አይሠራም። ያገኘሁትን ሁሉ ልጄን አያችሁ ወይ እላለሁ፤ አንዱ በሱማልኛ ይመልሳል፣ አንዱ በምን እንደሆነ እንጃ። ያ ሁሉ ስፌት ለምን ጠቀመ? ማን ሊያነበው?

«አቦ አንቺ! ኮቱ፣ ኮቱ!» የሚል ሰማሁ። በአገሬ ቋንቋ ነይ የሚለኝ ሰው! አንዲት ሴት ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ከእርጥብ ጆንያ ውስጥ የጫት እስር እያወጣች ትሸጣለች። ከጭሮ ብዙ የማይርቀው የቦኬ ልጅ ናት። የሆንኩትን ስነግራት እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ወላሂ፣ ጫት ሸሽተሽ ጫት ተራ ገባሽ?» ብላ ሳቀች። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ትስቃለች፣ ገዢዎቿም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይስቃሉ።

ውሃ ልታጠጣኝ ጎንበስ ስትል «ይህ ማጅራትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ከሻሼ ጫፍ ሥር በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነጭ ጨርቅ ነው። ፈታችና ጮክ ብላ አነበበች፦ «ይህች እናቴ ናት። ከጠፋች ለመምህራችን ይደውሉ።» ሥሩ መምህር ብሩክ እዚያ የገዛው ሲም ካርድ ቁጥር አለ። ከዚያ አንድ መስመር በልቧ አንብባ እንደ አዲስ ሳቀች። ምን ይላል ብላት «ራስሽ አንብቢው» አለችኝ፤ ቁጥሩን ደውላ ጨርቁን አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ክበቡ በሙሉ መጣ። መምህር ብሩክ ላቡን እየጠረገ «የሂክማ እናት፣ ተማሪው ሁሉ አለ። የጎደሉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ሂክማ ግን ተጋፍታ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ቦርሳዋን ከእጄ ወሰደችና በቦርሳው ፋንታ እጇን ሰጠችኝ። እስከ ባቡሩ ድረስ አልለቀቀችኝም፣ ወንዶቹ እያዩ።

ስንመለስ እሷ ትከሻዬ ላይ ተኛች፣ እኔ ጨርቁን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ፊደሉ ትንንሽ ነው፣ ባቡሩም ይነቀንቃል። ድሬዳዋ ስንደርስ እኔም የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ። እንዲህ ይላል፦

«እባካችሁ አጠገቧ ጥሩምባ አትንፉ፣ ትሮጣለች።»