ላሚቱ የምታውቀው ድምፅ

አንድ ድራማ ጥሩ ነው ወይም አይረባም የሚባለው በምንድን ነው ትላላችሁ? አዲስ አበባ ያሉ የተማሩ ሰዎች ስለ ትወናው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ አቀራረጹ እየመረመሩ ይጽፋሉ አሉ። ይህን የነገረችኝ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው መምህርት ሕይወት ናት። እሷም የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነች ድራማ የምታየው እግሯን አጣጥፋ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ የተማሪ ወረቀት እንደሚያርም ሰው ነው። «ሙዚቃው በዛ፤ አልቅሱ አልቅሱ እያለ ይጎተጉተናል» ትላለች፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። የእኛ የወረታዎቹ መለኪያ ሌላ ነው። የጣድሽው ወጥ አሮ ሽታው አፍንጫሽ ድረስ መጥቶ ካልተነሣሽ፣ ድራማው ጥሩ ነው። ተነሥተሽ አማስለሽ ከተመለስሽ፣ ደህና ነው። ወጡ ሳያርር ካስታወስሽው ግን ያንን ድራማ የሠሩት ሰዎች ሌላ እንጀራ ይፈልጉ።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የተለየ አመል አለኝ። የማየው ድራማውን ሳይሆን ድራማውን የሚያዩትን ሰዎች ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ደመወዝ ተቆርጦላቸው ነው የሚያለቅሱት፤ እኔ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ግን በነፃ። ማን የቱ ጋ እንዳለቀሰች ካየሽ የቤቷን ጉድ ሳትጠይቂ ታውቂዋለሽ። አንዱ ባል ሚስቱን ሲከዳ መጀመሪያ ከንፈሯን የመጠጠችው ማን እንደነበረች አውቃለሁ። አልናገርም። ተናግሬም ከሆነ ለማትናገር ሰው ነው።

ዘንድሮ ክረምት የያዘን ድራማ የባሕር ማዶ ነው፤ ሰዎቹ ፈረንጅ፣ አፋቸው አማርኛ። አንዲት ቀይ ካፖርት የምትለብስ ልጅ እናቷን ትታ ሩቅ አገር ትሄድና ትልቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ትታመማለች፤ ግን ለእናቷ አትናገርም። ስሟ ለምላሳችን ስላልተመቸ ባለካፖርቷ አልናት። እንግዲህ ትንሽ ልተች ከተፈቀደልኝ፣ ያ አገር ትልቁ ጉድለቱ ጎረቤት የለውም። ልጅቱ በዚያ ሁሉ ደረጃ እየተንከባለለች ስትወድቅ «ምን ሆንሽ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ይጥፋ? እኔ እዚያ ሰፈር ብኖር ድራማው በሳምንቱ ያልቅ ነበር።

ከአጥሬ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ውባንቺ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ላምና አንዲት ልጅ ያላት። አላት ልበል ነበራት ልበል፣ ልጅቱ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል፤ ነገሩም ሁሉ ይኸው ነው። ልጇ የሻረግ ከጓደኞቿ ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ገባች። ትደውል ነበር። አገሩ ሲታመስ ስልኳ ዝም አለ። ኋላ ከዚያ የተመለሰች አንዲት ሴት «ሞታለች» ብላ አወራች፤ «አይተሻል?» ስትባል «ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። ውባንቺ አላለቀሰችም፤ ጥቁርም አልለበሰችም። የባሏ ወንድም አያ ሙጬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በመጣ ቁጥር ያቺኑ ያነሣል።

«ውባንቺ፣ እርሟን እናውጣ። ፍትሐት ይደረግላት። ነፍሷ በሰው አገር ሜዳ ላይ ቀርታ እንቅልፍ ነሣችኝ።»

«በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት የሚያደርግ የት አየህ?» ትለዋለች።

ላሟ ዛጎል ትባላለች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከሩቅ የምትለይ የፎገራ ላም። የሻረግ ስታልባት ከንፈሯን ሳትከፍት ታንጎራጉርላት ነበር፤ ቃል የለው፣ ግጥም የለው፣ ቀስ ብሎ ይወጣና መካከል ላይ እንደመሰበር ብሎ ይወርዳል። ያ ከሌለ ዛጎል ወተቷን ትይዛለች። ልጅቱ ከጠፋች ወዲህ ውባንቺ ዝም ብላ ነው የምታልባት፤ የምታገኘውም ጥጃው ከጠባ በኋላ ለድመት የሚበቃ ነው።

ክረምቱ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው፤ ከብቱ ሁሉ በየግቢው ታጎረ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ውኃው ላይ ይተኛል፤ የቱ ሰማይ የቱ ሜዳ እንደሆነ አይለይም። የሩዝ መፈልፈያው ያቆመ እንደሆነ ከእንቁራሪት በቀር የሚሰማ የለም። እንዲህ ባለ ቀን ከውጭ ስምሽ ቢጠራ ቶሎ አቤት አትይም። ቆመሽ እንደገና እስኪጠራ ትጠብቂያለሽ።

እንደዚያ ባለው ቀን፣ የሚደገመውን ክፍል እያየን፣ ባለካፖርቷ ጀርባዋን ሰጥታን መስኮት አጠገብ ቆመች። የምታለቅስ ይመስላል፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ያን ጊዜ እንጉርጉሮው መጣ። ከንፈር ተዘግቶ፣ ቀስ ብሎ ወጣ፤ መካከል ላይ ተሰበረ። ክንዴን ብርድ ወረረው። በዚያው ቅጽበት የእኔ ቤት መስኮት ጨለመ፤ ዞር ስል ዛጎል አጥሩን አልፋ መጥታ ራሷን አስገብታለች። አታመነዥግም። ዓይኗን አፍጥጣ ቴሌቪዥኑን ታያለች። መምህርት ሕይወት ወጥታ አይታ ተመለሰችና «እትዬ ጠጅቱ፣ ወተቷ እየፈሰሰ ነው» አለች።

አግዳሚው ላይ የነበረችው ውባንቺ ብድግ አለችና «የሻረግ!» ብላ ጮኸች። እንጉርጉሮው ቀጥ አለ።

ያን ዕለት ወጥ ማማሰል ያስታወሰ የለም። ውባንቺ መምህርት ሕይወትን አስቀምጣ መረመረቻት።

«ይኼን አማርኛ የት ነው የሚናገሩት?»

«አዲስ አበባ ይመስለኛል። ድምፃቸው ጥሩ የሆነ ሰዎች ክፍል ውስጥ ሆነው ነው የሚቀዱት።»

«የተዘጋ ክፍል?»

«አዎ፤ ጫጫታ እንዳይገባ።»

«ስልክም አያስገቡ?»

«ሲቀዱ ያጠፉታል መሰለኝ።»

«እኮ!» አለች ውባንቺ፣ ጭኗን መትታ። «ልጄ እኮ እናቷን አትረሳም። ስልኳን ዘግተውባት ነው!»

መምህርት ሕይወት አፏን ከፈተች፤ የውባንቺን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው። በኋላ ለብቻዬ የነገረችኝ ግን ይኸው እስካሁን ያቃዠኛል። «እትዬ፣ የሻረግ ናት እንኳ ብንል፣ ድምፅ ዛሬ ተቀድቶ ከርሞ ነው የሚተላለፈው። ድምፁ መኖሩ ሰውየዋ ለመኖሯ ማስረጃ አይሆንም።» እስቲ አስቡት፤ የምንሰማው ሁሉ የከረመ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዜና ሲነገር እንኳ አንባቢው ይኑር አይኑር እየጠረጠርሁ ነው የማዳምጠው።

ወሬውን ማን አሠራጨው አትበሉኝ። ብቻ ገበያው ሳይበተን ጎረቤት ከተማ ይፋግ ድረስ ደርሷል። አያ ሙጬ የዜማ መምህራችንን የኔታ ጥበቡን ይዞ መጣ። የኔታ ዕድሜያቸውን በደብር ያሳለፉ፣ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ገብተው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ነገሩን እንስማ፤ ላሟ ከመጣች ፍትሐቱ ይቆያል። ካልመጣች ግን ውባንቺ፣ እሺ ትያለሽ» አሉ። ውባንቺ ራሷን ነቀነቀች።

የኔታ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ድራማው ተጀመረ። ባለካፖርቷን ሳል ያዛት። ደረጃ ወጣች። የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ይህች ልጅ ለእናቷ ለምን አትነግርም?» አሉ። ስለዚያ ድራማ ከተባለው ሁሉ እንደዚህ ልክ የሆነ ትችት አልሰማሁም። አያ ሙጬ «አታስጨንቃት ብላ ነው፣ የኔታ» አለ፣ ሳያውቀው ወደ ቴሌቪዥኑ እየተጠጋ።

መስኮቱ ጋ ቆመች። እንጉርጉሮው መጣ። ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠ፤ ያ አመሌ ግን አይለቀኝም፣ እኔ ሰዎቹን አየሁ። ውባንቺን አየሁ። ከንፈሯ ገጥሟል፣ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀርቷል፣ ጉሮሮዋ ይንቀሳቀሳል። እንጉርጉሮው ሲወጣ ይወጣል፤ ሲሰበር ይሰበራል። ለካ ልጅቱ የተማረችው ከእናቷ ነው! ውባንቺ ግን አታውቅም። በእመቤቴ ስም እምላለሁ፣ ከገዛ ጉሮሮዋ መውጣቱን አታውቅም። ከእኛ ሁሉ ይልቅ አጥብቃ የምታዳምጠው እሷ ነበረች።

ዛጎል መጣች። ራሷን አስገባች፤ ጮኸችም። አያ ሙጬ አማተበ። የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው «ይቆይ» አሉ።

እንግዲህ እኔን የምታውቁኝ ፍረዱ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ወሬ እጄ ገብቶ አያውቅም። የገበያ ቀን ቢነገር ወረታ ባጃጁን አቁሞ ያዳምጠኝ ነበር። አፌ ድረስ እየመጣ፣ ምራቄን እየዋጥሁ መለስሁት። ቢነገር ውባንቺ ልጇን ትቀብራለች፤ የቀበርኳትም እኔ ነኝ ማለት ነው። ሆዴን ቆርጦኝ ከረመ እንጂ አልተናገርሁም።

ከዚያ ባለካፖርቷ ሞተች። ድራማ ነው፤ መቼም ይገድላሉ። አያ ሙጬ በበኩሉ «ነገሩን ለማጣራት ነው» እያለ አንድም ክፍል ሳያመልጠው ይከታተል ስለነበር ከሁላችንም ቀድሞ እሱ አለቀሰ። ውባንቺ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ደረቷን ደቃች፤ ድምፅዋ ተዘጋ። ስትናገር ከጉሮሮዋ ነፋስ ብቻ ነው የሚወጣው። አያ ሙጬ ዓይኑን ጠራርጎ የኔታን እንደገና ይዞ መጣ።

«አሁንስ ምን ቀረን? ድምፁም ሞተ። ዛሬ ላሟ ካልመጣች እሁድ ፍትሐቱ ይደረግ።»

ውባንቺ «እሺ» አለች። ቃሉን በከንፈሯ አየነው እንጂ አልሰማነውም።

የተደገመው ክፍል የቀብሩ ነው። በረዶ ይወርዳል፤ ሰዎቹ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል፤ የሚናገር የለም። መምህርት ሕይወት እንኳ ሙዚቃው በዛ ማለት አልቻለችም፤ ሙዚቃ አልነበረም። ውጭ ዝናቡ አባርቷል። መፈልፈያው ቆሟል። እኔ ውባንቺን አየሁ፤ ዛሬ ከየት ታመጣዋለች? አፏ ተከፍቷል። ከንፈሯ ደርቋል። ጉሮሮዋ እንደ እንጨት ቆሟል።

እንጉርጉሮው መጣ።

ቀስ ብሎ ወጣ፤ መካከል ላይ ተሰበረ። የውባንቺን ጉሮሮ አየሁ፤ አይንቀሳቀስም። ከግድግዳው ይሁን ከጣራው ሳላውቅ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ዛጎል በመስኮቱ ገብታለች፤ አያ ሙጬ ባርኔጣውን አውልቆ ተንበርክኳል። ፍርሃቱ ሲይዘኝ እንዳልጮህ አንገቴን ያዝሁ። መዳፌ ሥር ጉሮሮዬ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ነበርሁ።

«ይቆይ» አለ አያ ሙጬ ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ኧረ ይቆይ! እኔ አላስፈታትም።» ውባንቺ የቤቴን በር መቃን ይዛ ወደ ላሟ ወጣች።

የኔታን በጭቃው እስከ በር ሸኘኋቸው። እዚያ ሲደርሱ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ባለፈው ውባንቺ ነበረች» አሉ።

«የኔታ...»

«ዛሬ አንቺ ነበርሽ።»

«ይፍቱኝ፣ የኔታ። ሳላውቀው ነው።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። አንቺም አላጠፋሽ፣ እሷም አላጠፋች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁት ዜማ ነው፤ ጉባኤው ሁሉ ባንድ ላይ ሲያዜም የማን ድምፅ እንደሆነ ጆሮዬ ይለያል። ባለፈው የሰማሁት ሁለት ድምፅ ነው። አንዱ የውባንቺ፤ ሌላውን ከዚያ ከሚናገረው ሣጥን ነው ብዬ ተውሁት።» ከዚያ በውኃ ወደተጥለቀለቀው ሜዳ እያዩ «ሣጥኑ ዛሬ ድምፅ አልነበረውም፤ እናንተ ግን ዛሬም ሁለት ነበራችሁ» አሉና ሄዱ።

ስመለስ ውባንቺ ዛጎል ሥር ተቀምጣ ታልባለች። ድምፅዋ እንደተዘጋ ነው፤ ከንፈሯም አይላወስ። ወተቱ ግን ማለቢያውን ሞልቶ በእጇ ላይ ይፈሳል። ማን እንዳንጎራጎረላት አልጠየቅኋትም። እኔ ጠጅቱ፣ ሳልጠይቅ አልፌ ቤቴ ገባሁ።