በመቀነት የታሰረ ቅቤ

ልጆቹ «እማ፣ የአውሮፕላኑን ንገሪን» ብለው ያዙኝ፤ እንግዲህ ልናገር። ፈሳሽ ደብቆ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳይጠሩት «አቤት» ይላል፤ ዘበኛ ባሳለ ቁጥር ይደነግጣል። ከዳባቷ ጎረቤቴ ከጥሩዬ ጋር የተሳፈርሁ ዕለት እኔም እንዲያ ነበርሁ።

ልጇ አዲስ አበባ በኦፕራሲዮን ወልዳ ልንጠይቃት አብረን ተነሣን። «ሙዝ የተቀላቀለበት የከተማ ቅቤ አራስ ልጄ አትቀምስም!» አለችና ሸጋውን ንጥር ቅቤዋን በፌስታል ጠቅልላ ከቀሚሷ ሥር በመቀነት አሰረችው። ፈሳሽ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ሰምተናል። ብንጠይቅ እንያዛለን ብለን ፈርተን ግን ማንንም አልጠየቅንም።

«ምነው ትንቀጠቀጫለሽ? ቅቤው ድንጋይ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዳባት ብርድ ላይ ድንጋይ ነበር። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሙቀትና ፍርሃት ሲጨመሩበትስ?

መፈተሻው ዘንድ ስንደርስ ከእግሯ ሥር ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ሁለታችንም እስር ቤት ተቀምጠን ታየኝ።

«እማማ፣ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?» አለች ፈታሿ።

«ላብ ነው፣ ልጄ።»

«ላብዎ ኮሰረት ኮሰረት ይላል እኮ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ቅቤው ተወሰደ። ጥሩዬ «አራሷ ምን ልትቀምስ ነው?» እያለች እያለቀሰች ተሳፈረች፤ እኔም አውሮፕላኑ መሬት እስኪነካ ድረስ መልሰው የሚያስሩን መስሎኝ ዓይኔን አልገለጥሁም።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ የልጅ ልጄ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ነው ያወቅሁት፤ ቅቤውን ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚጫነው ሻንጣችን ከትተነው ቢሆን ኖሮ ማንም ባልከለከለን ነበር።