ጋሽ ሙላትን በፍላየር የገደልኩበት ቅዳሜ

ዛሬ ሰው ገደልኩ። ያውም በወረቀት!

ቆይ፣ ፖሊስ አትጥሩ። ሰውዬው ደህና ናቸው። አሁን ወፍጮ ቤታቸው ሆነው ለመጣ ለሄደው እያወሩ ይስቁብኛል። ቤቴ ተደብቄ ይህን ፖስት የምጽፈው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ነገር አሳምሮ መናገር አልችልበትም፣ መሀል ላይ ቆም ቆም ካልኩ ታገሱኝ።

ሰውዬው ጋሽ ሙላት ይባላሉ። እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የእኛ ሰፈር ወፍጮ ቤት የእሳቸው ነው። ዘንድሮ ለከተማው ምክር ቤት በግል እየተወዳደሩ ነው። ቃል የገቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለላይኛው ሰፈር ቦኖ ውሃ። በቃ። ስታዲየም የለ፣ ፋብሪካ የለ። ቦኖ!

እኛ ላይኛው ሰፈር ነን። ውሃ የምንቀዳው ከታች ነው። ዳገቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጀሪካኑን የሚሸከመው ታላቅ ወንድሜ አስናቀ ነበር። አስናቀ አምና አረፈ። አሁን የምሸከመው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጋሽ ሙላት ቢያሸንፉ ከእሳቸው ይልቅ ደስ የሚለው እኔን ነው። ደግሞ የውሃው ነገር ብቻ አይደለም። አስናቀን የቀበርን ቀን ዝናቡ እየወረደ፣ ሳጥኑን ለሰው አላቀብልም ብለው እስከ ቤተ ክርስቲያን የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። ለእኚህ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጋሽ ሙላት ዝምተኛ ናቸው። እጩ መሆናቸውን እንኳ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ያሳተሙት ፍላየር ላይ የምርጫ ምልክታቸው እንስራ አለ፣ ከሥሩ "ይምረጡ" ይላል። ስም የለ፣ ፎቶ የለ።

ሰዉ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"እንስራው የት ነው የሚሸጠው?"

አትሳቁ! እሳቸውም የተረፈውን ወረቀት ተሸክመው እኔ ዘንድ መጡ።

"አንተ ትጽፋለህ አሉ። እስቲ ሰው እንዲያውቀኝ አድርገህ ጻፍልኝ። ጀርባው ባዶ ነው፣ እዚያው ላይ ይታተም። ይሄን ሁሉ ወረቀት መጣል ኃጢአት ነው።"

እኔ እጽፋለሁ እንዴ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዝም ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሰፈራችን አንድ ሥራ አለኝ። የእድራችን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን፣ "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት" የሚለውን የምጽፍ እኔ ነኝ።

የጀመርኩት በአስናቀ ነው። ላነበው ጻፍኩ። መቃብሩ ላይ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም! ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ ሳይነበብ ቀረ። በኋላ የእድራችን ዳኛ አያ ካሴ አዩትና "አንተ ልጅ፣ ትጽፋለህ እኮ!" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያረፈ ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

እና ለጋሽ ሙላት ምን ልጽፍ ኖሯል? የማውቀውን!

"አቶ ሙላት ከጋፋት አለፍ ብሎ ካለ መንደር ከደግ ቤተሰብ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው አክባሪ ናቸው። ወፍጮ ቤታቸው የመጣ ሰው ተስፋ ሳያገኝ አይመለስም። ሌሊት በር ሲንኳኳ ማን ነው ሳይሉ ይነሳሉ። የሁለት ሴት ልጆች አባት ናቸው።"

"ናቸው" ነው ያልኩት! ልብ በሉልኝ! ግን እስከዚያ ድረስ ማን ያነባል?

ከፎቷቸው ጋር ይዤ ሰሚራ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። ሰሚራ የእድራችንን ጽሑፍ ሁሉ የምታትም ልጅ ናት፣ ደንበኛዬ ናት።

"እንደ ሁልጊዜው ነው?" አለችኝ።

"እንደ ሁልጊዜው" አልኳት።

ፎቶውን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። "አይዞህ" አለችኝ።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ እኔን ሰው ሁሉ አይዞህ ይለኛል። አስናቀ ከሞተ ወዲህ በርበሬ ስገዛም አይዞህ፣ ሞባይል ካርድ ስገዛም አይዞህ። እና አሜን ብዬ ወጣሁ። ከጀርባ ያለውን እንስራም አይታዋለች። ወረቀት ስለተወደደ ያገለገለ አምጥቶ ነው ብላ አዘነችልኝ።

ሥራዋን ስረከብ ፎቶው ጥቁር ክፈፍ ገብቷል። ከታች ሻማ አለ።

አላየሁትም ብዬ አልዋሽም። አይቼዋለሁ። አምሮ ታይቶኝ ነበር! ለእኔ የታተመ ወረቀት ማለት እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ገና ባጃጅ ሳይወጣ እየዞርኩ ለጠፍኩ። መብራት ምሰሶ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ። የተረፈውን ሻይ ቤቱ ትቼ ለሰው አድሉልኝ አልኩ። እንስራውና "ይምረጡ" የሚለው በየትኛው በኩል ቀረ? በሙጫው በኩል!

ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

ስነሳ ፀሐይ ወጥታለች። ወደ ገበያ ልወርድ መንገድ ላይ ቆምኩ። አንድ የማውቀው ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ።

"ግባ፣ ግባ! አልሰማህም እንዴ? ጋሽ ሙላት አርፈዋል! ሰፈሩ ሁሉ እየሄደ ነው።"

ዘልዬ ገባሁ።

ማን ነገረህ ብዬ አልጠየቅኩም። ምን አገኛቸው አላልኩም። ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። እስቲ ገምቱ! ወሬውን የለጠፍኩት እኔ፣ ከሁሉ አብልጬ ያለቀስኩትም እኔ!

ስደርስ የእድሩ ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ተተክሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። አግዳሚው ተደርድሯል። ሰው እንደ ጉድ ነው።

እቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ። ባለቤታቸውን እትዬ ትርንጎን ከበዋቸዋል፣ ማንም ግን ምንም አይነግራቸውም። መርዶ በእኛ አገር እንደ ፖስት ተዘሎ አይለጠፍማ! ቀስ ተብሎ ነው። (ይህን የምላችሁ እኔ መሆኔን ረስቼው አይደለም።)

"እናቴ ናት?" ይላሉ እትዬ ትርንጎ።

"እናትሽስ ደህና ናቸው። እስቲ ቁጭ በይ።"

"ታዲያ ማን ነው? ልጆቼ እንደሁ ይኸው ናቸው። ሙላትም አሁን ደውሎልኛል፣ እህል ሊያይ ሐሙሲት ወርዶ እየተመለሰ ነው!"

ሴቶቹ ተያዩ።

"ውይ በሞትኩት! ልቧ አውቆታል፣ መቀበል ነው ያቃታት" አለች አንዷ።

እኔ ይህን በር ላይ ቆሜ እየሰማሁ አለቅሳለሁ። አንዲት ጥያቄ እንኳ በአእምሮዬ አላለፈችም! ወደ ድንኳኑ ተመልሼ ምሰሶው ላይ ተደገፍኩ። አያ ካሴ መጡና ትከሻዬን ያዙኝ።

"አይዞህ ልጄ። ደግሞ እንዴት አድርገህ ጻፍከው! ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳነበው እንባዬ አልቆም አለኝ።"

"ምኑን?"

"የሕይወት ታሪካቸውን ነዋ!"

እንባዬ ወዲያው ደረቀ።

ክፈፉ። ሻማው። "እንደ ሁልጊዜው።" ሁሉም ተራ በተራ መጣልኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። እንደዚያን ቀን ድምፅ የለም! አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና መሬት መሬት አየሁ።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ሙላት የደረሱት።

ሰውዬው ከሚኒባስ ወርደው ሲመጡ ድንኳን አዩ። ከጎረቤት ሰው ሞተ አሉ። ወጉን የሚያውቁ ናቸውና ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ከጀርባ ገብተው እኔው አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ አቀርቅሯል፣ ያያቸው የለም።

ጠጋ አሉኝ። በሹክሹክታ፦

"ማን ነው ያረፈው?"

ምን ልበል? እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ይባላል?

"አንቱ ነዎት፣ ጋሼ።"

እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

"እኔ ሐሙሲት ሆኜ?"

ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ድምፁን ሰምተው ዞር አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ጋፋት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ግማሹ ሮጠ፣ ግማሹ አማተበ። እትዬ ትርንጎ ወጥተው ባላቸውን በነጠላቸው ይመቱ ጀመር። "እኔን ሲያስለቅሱኝ አንተ ድንኳን ውስጥ ተጎልተሃል!"

ከዚያማ ተራው የእኔ ሆነ።

"አንተ ከይሲ! እንባዬን መልስ!" አሉ ሴትዮዋ።

"ስንቱን ቀብረህ አልበቃህ ብሎ ደህና ሰው ጀመርክ?" አለ ባለ ባጃጁ።

አያ ካሴ ግን ኮስተር አሉ። "የእድር ድንኳን አንዴ ከወጣ ባዶውን አይገባም። እንግዲህ ከሁለታችሁ ማን እንደሚሞት ተስማሙ።"

ጋሽ ሙላት አልሳቁም። ሻይ ቤቱ ካደለው ወረቀት አንዱን ከሰው እጅ ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

"አንብብ።"

"ጋሼ፣ እኔ እንኳን..."

"የጻፍከው አንተ፣ የገደልከኝ አንተ። ስብሰባ ጠርቼ የዚህን ሰው ሩብ አግኝቼ አላውቅም። ተነስ፣ አንብብ!"

ተነሳሁ። አያ ካሴ "ጎሽ" አሉ። እየተደናቀፍኩ ጀመርኩ። ጋፋትን አለፍኩ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍኩ። "ሌሊት በር ሲንኳኳ..." ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ።

ለምን እንደጠፋ አላወቅኩም። ያወቁት ጋሽ ሙላት ናቸው።

"ይቺ የእኔ አይደለችም" አሉ። "እኔ ሌሊት በር ሲንኳኳ ትርንጎን ነው የምቀሰቅስ።"

"እውነቱን ነው!" አሉ እትዬ ትርንጎ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ዝግ ብለው "ይቺ የአስናቀ ናት። መልስለት" አሉኝ።

እውነት ነው። ኪሴ ከቀረው ወረቀት፣ ከወንድሜ ላይ ወስጄ ለእሳቸው ሰጥቻት ኖሯል። ስጽፋት አልታወቀኝም።

ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት። ሳላይ በቃሌ አልኩት፦ "ወንድሜ አስናቀ ሌሊት በር ሲንኳኳ ማን ነው ሳይል ይነሳ ነበር።"

ወጣልኝ። ሙሉውን።

"ነፍስ ይማር" አለ ሰዉ ሁሉ ባንድ ድምፅ። አያ ካሴ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"በቃ" አሉ፣ "ድንኳኑ ባዶውን አልገባም።"

ጋሽ ሙላት ደግሞ ያችን ወረቀት ገልብጠው ከፍ አደረጉ። "እኔ በዚህ በኩል ነኝ" አሉ። ስለ ቦኖው የተናገሩት ከዚህ አይበልጥም፦ "ውሃው እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ይቺን እንስራ።"

"ውይ! እንስራው የአንቱ ነው እንዴ?" አሉ እኒያው ሴትዮ። "ስፈልገው አይደል የከረምኩት!"

ያሸንፉ እንደሁ አላውቅም። ውሃ ግን ዛሬም ከታች ነው የቀዳሁት። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ማንን ገደልክ ዛሬ?" እያለ ዳገቱን አብሮኝ ወጣ።

አሁን አዲሱን ፍላየር እየጻፍኩ ነው። ሰሚራ አስቀድማ ደውላ "ሰውዬው በሕይወት አሉ?" ብላ አረጋግጣለች። በዙሪያው አረንጓዴ ክፈፍ ይሆናል ብላኛለች፣ ሻማውንም አጥፍታዋለች።

እኔ ግን ገና መጀመሪያው ላይ ቆሜያለሁ። ለሞተ ሰው ደግ ነገር መጻፍ እጄ ለምዷል። በሕይወት ላለ ሰው፣ ነገ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ዓይን ለዓይን ለምተያየው ሰው፣ ደግ ነገር ሲጻፍ ከየት ነው የሚጀመረው?

የምታውቁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ" ብላችሁ የምትጀምሩትን ግን ብሎክ አደርጋለሁ።