እማዬን ኢየሩሳሌም ሊያደርስ የነበረው ማይል

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «በገዛ እጁ?» ትላላችሁ። አዎ፣ በገዛ እጄ!

ያለሁት ሞላሌ ነው፣ እማዬ ቤት። ለቅበላ መጥቼ። እንደምታውቁት ሥራዬ ከአገር አገር መብረር ነው፤ በበረርኩ ቁጥር ደግሞ ማይል ይጠራቀምልኛል። ማይሉ ሲሞላ በነጻ ትኬት እማዬን ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ልልካት ቃል ገብቻለሁ።

ቃል ብቻ? ደገስኩ እንጂ!

በጉ ታርዷል። ጎረቤቱ ሁሉ «ጎልጎታ ላይ አስቢኝ» እያለ የክርስትና ስሙን ነግሯታል። እማዬም ከወዲሁ የተሳላሚ አረማመድ ጀምራለች።

እኔን ምን አማረኝ? ትኬቱን በስልክ፣ ሰው ፊት መቁረጥ! ስፒከር ላይ አደረግኩት። ጉራ እንዲህ ነው።

የአየር መንገዱ ልጅ ፈልጋ ፈልጋ፣ ማይሉ አይበቃም አለችኝ።

እንዴት አይበቃም? ቀጥታውን በረራ እየተውኩ፣ በየኤርፖርቱ ወንበር እየተጎለትኩ፣ በአንድ የሩቅ አገር አየር መንገድ ስዞር የከረምኩት ለዚሁ አይደል?

ያ አየር መንገድ የአሊያንሱ አባል አይደለም አለችኝ።

አሁን የኔን ስሌት ስሙልኝ። አሊያንስ ማለት የአየር መንገዶች ማኅበር ነው፤ በአንዱ ትበራለህ፣ ማይሉን በሌላው ታስቆጥራለህ። የእኛው አየር መንገድ አባል ነው። ያ የሩቁ ደግሞ ከአንዱ አባል ጋር ትኬት ይሻሻጣል። እኔ ደግሞ የመንዝ ልጅ ነኝ! ቅድመ አያት ቆጥረው፣ በአባትም በእናትም ተጠግተው ርስት ከሚካፈሉ ሰዎች ዘር። የዘመድ ዘመድ ዘመድ ነው ብዬ በረርኩ።

ደንቡን አላነበብክም ወይ ትሉኛላችሁ። ዝምድና ይነበባል እንዴ?

አጎቴ ጋሽ ወልደየስ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ በማን በኩል ነው የሚገናኙት?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ በትዕግሥት አስረዳቻቸው፤ ወንበር ይሻሻጣሉ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የላቸውም።

ጋሼ ቀና አሉና «ይሄ እንግዲህ ጉርብትና ነው» ብለው ፈረዱ።

የክርስትና ስሙን የሰጠ ሁሉ እኔን ያያል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

እማዬ ቅር እንዳላት ፊቷ ያስታውቃል። ግን እንግዳ ፊት ነውና «ብሉ እንጂ፣ በጉ እንደሁ አይመለስ» አለች። ቀጥላም ለፋሲካ ላሊበላ እንደምትሄድ፣ በአውቶብስ፣ የተሰጣትንም ስም ሁሉ እዚያው እንደምታስጠራ ተናገረች። ሰው ተንፈስ ብሎ ወደ መብሉ ተመለሰ።

እኔ ግን ለአውቶብሱ ልክፈል ብዬ ኪሴ ስገባ እጄን ያዘችኝ።

«አንተም ትሄዳለህ፤ አጠገቤ ትቀመጣለህ። ማይል እለቅማለሁ ስትል ስንቱን ፋሲካ ብቻዬን ፈሰክሁ።»

የተመላላሽ መንገደኛ ጎልድ ካርዴን አውጥቼ አየሁት፣ ያብረቀርቃል። ላውንጅ ያስገባል፣ ሻንጣ ያስቀድማል፣ ወረፋ ያስዘልላል።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ እናቴ የፈለገችው ወንበሯ አጠገብ የምቀመጠውን እኔን ከሆነ፣ እኔ ይሄን ሁሉ አገር የዞርኩት ምን ፍለጋ ነው?