የጋሽ ተፈራ ማሽን ሲጠፋ

በየከተማው ማንም ሳይሾመው የሰውን ልጅ ሁሉ የሚያሳድግ አንድ ሰው አይጠፋም። የመርሳው ክቡር ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ በሙያቸው ፀጉር አስተካካይ፣ በራሳቸው ሹመት የሀብሩ ወረዳ ጎረምሶች ሁሉ ጠቅላይ ገዢ።

ፀጉር ቤታቸው መኪና መንገዱ ዳር ነው፤ ሴት ተማሪዎች በበሩ ያልፋሉ። በእኛ ጊዜ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ አንዷን በመስታወት አይቶ "አንቺ፣ እስቲ አንዴ ዞር በይ!" ካለ አለቀለት። "ማሽኑን አጥፍቻለሁ!" ይላሉ ጋሽ ተፈራ፣ አዋጅ እንደሚያስነግር ሰው። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቆ እስኪመለስ ግማሹ ራሱ ሜዳ፣ ግማሹ ጫካ እንደሆነ ይቆያል። ሌላ ፀጉር ቤት ቢሮጥም ትርፉ ድካም ነው፤ የጋሽ ተፈራን ግማሽ የሚጨርስ ደፋር መርሳ ውስጥ አልተወለደም።

ያኔም መብራት ሄድ መለስ ይል ስለነበር፣ ማሽኑ ዝም ሲል ተራ ጠባቂው ግራ ይገባዋል።

"መብራት ሄደ እንዴ?"

"ኧረ የለም፣ ዮናስ ለክፎ ነው።"

ይህ ዮናስ ጓደኛችን ነው። ለወንድሙ ሠርግ ሚዜ ሊሆን ፀጉሩን ሲስተካከል ሔዋን ስታልፍ አያት፤ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ዘሎ ወጥቶ ሻርፗን ይዞ ጎተታት። ልጅቷ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ማሽኑም ጠፋ።

በማግስቱ ሔዋን ትምህርት ቤት አልሄደችም። አባቷ አቶ ገበየሁ "እየተዋረድሽ ከምትማሪ ቤት ተቀመጪ" ብለዋታል። ዮናስ በራፏ ላይ ቆሞ ግማሽ ራሱን እያሻሸ "ይቅር በይኝ፣ እሑድ ሚዜ ነኝ" ቢላት፣

"ይቅርታህን ምን ላድርገው? መንገዴን መልስልኝ!" አለችው።

ጋሽ ተፈራ ይህን ሲሰሙ የማሽኑን ሶኬት ነቀሉ። "ደብተሯን ይዛ በዚህ በር ስታልፍ ካላየሁ አልነካህም!" ዮናስ ሚዜ የሆነው በባርኔጣ ነው፤ ፎቶው ላይ ሙሽራው ራሱ ሙሽሪትን ትቶ ባርኔጣውን ያያል።

ከሠርጉ በኋላ ጋሽ ተፈራ ሱቃቸውን ዘግተው አቶ ገበየሁ ዘንድ ሄዱ።

"ያጠፋው ወንዱ፣ የምትታሰረው ሴቷ? አጥፊውን ግማሽ ራስ አድርጌ ይዤልዎታለሁ፤ እርስዎ ልጅቷን ይልቀቋት!"

በቀጣዩ ሰኞ ሔዋን አለፈች። ቀስ ብላ፣ ቀና ብላ። ያን ዕለት የማሽኑ ጩኸት ጎረቤት ከተማ ውርጌሳ ድረስ ተሰምቷል፤ ያልሰማ ካለ ጆሮውን ይታይ።

ዛሬ የምኖረው ወልድያ ነው፤ በየመንገዱ ፀጉር ቤት አለ። እኔ ግን ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ እሄዳለሁ። ጋሽ ተፈራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስወጣ ራሴ አይጥ የቀመሰው ዳቦ ይመስላል። ባለፈው ቅዳሜ ግማሹን እንደጨረሱ ማሽኑ ጸጥ አለ።

"ጋሼ፣ እኔ ምንም አላልኩም!"

"መብራት ነው የሄደው፣ አንተ ጅል!"

ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። በግማሽ ራሴ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ላይ አንዲት መምህርት ገባች፤ ሔዋን ናት። ጭንቅላቴን አየችና አፏን ያዘች።

"አንተ! በዚህ ሽበትህ? ማንን ለክፈህ ነው?"

መብራት ነው ልላት ነበር። ግን ጋሽ ተፈራ ዛሬም ማሽን ያጠፋሉ ብላ ስታስብ ፊቷ እንዴት እንደበራ ሳይ ተውኩት።

"ይቅርታ ልጠይቅ እየሄድኩ ነው" አልኳት።