ወንድማማቾቹ በእኔ ላይ ታረቁ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ራሴ ባዘጋጀሁት ቲያትር፣ ራሴ በቆምኩበት መድረክ ላይ፣ ሽማግሌ ተነስቶ ፈረደብኝ!

አዎ፣ ሜካፕ እንደተቀባሁ።

የሀጂ ከድርን ግለ ታሪክ ምን ያህል እንደምወደው እዚህ ፔጅ ላይ ስለፈልፍ ሰልችቷችኋል። ሀጂ እዚሁ ቡታጅራ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ብዙ ግለ ታሪክ አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው ጸሐፊ ገና ሲወለድ ጀምሮ ጀግና ነው። ሀጂ ግን የተሸነፉበትንም ጽፈዋል።

በተለይ ከታናሽ ወንድማቸው ከጋሽ ነስሩ ጋር የተኳረፉበት ምዕራፍ! የአባታቸውን የእንሰት ጓሮ ሲካፈሉ ተቀያየሙ፤ ጋሽ ነስሩ አዲስ አበባ ገብተው በዚያው ቀሩ። ሀጂ ምዕራፉን የሚዘጉት በየአረፋው የግቢያቸውን በር ከፍተው እንደሚውሉ በመናገር ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ አለቅሳለሁ። አትሳቁ።

ቲያትር ላድርገው ስላቸው ትንሽ አሰቡና፣ "አድርገው። ግን ወንድሜን እንዳታስቀይምብኝ፤ ከተቀየመ እስከ ወዲያኛው ቀረብኝ ማለት ነው" አሉኝ።

"በእኔ ይሁንብዎ ሀጂ!"

መጽሐፉ ላይ ስለ ጠቡ ያለው ግን "ክፉ ቃል ሳንነጋገር ተለያየን" የሚል ብቻ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ መድረክ ላይ ይሠራል? ተመልካቹ ቆሎ ሊገዛ አይወጣም?

ስለዚህ ትንሽ ቅመም ጨመርኩበት። የጋሽ ነስሩን ቦታ እኔው ያዝኩ። ትልቅ አርቴፊሻል ፂም ለጠፍኩ። "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም! ብትሞት እንኳ ለቅሶህን አልደርስም!" የምትል ቃለ ተውኔትም ለራሴ ጻፍኩ።

ሰሞኑን አረፋ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ አገሩ ገብቷል። አዳራሹ ሞልቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ተናግሮ ተናግሮ ሲበቃው መጋረጃው ተከፈተ። ሀጂ ፊት ወንበር ላይ ናቸው።

ያቺን "ለቅሶህን አልደርስም" ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ለቀቅኳት።

በቃ ገዛኋቸው ብዬ ልቤ አበጠ።

ይሄኔ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። መድረኩ ላይ ወጡና ሀጂን ሆኖ በሚጫወተው ጓደኛዬና በእኔ መሀል ቆሙ።

"ልጆች፣ በአረፋ እንዲህ ይባላል? በሉ አውፍ ተባባሉ።"

"አባባ፣ ቲያትር እኮ ነው" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ይሁና። ወንድማማች ሲጣላ ቁጭ ብሎ ማየት ማን አስተማረህ?"

ሕዝቡ አጨበጨበላቸው። ለእኔ እስካሁን ማንም አላጨበጨበም ነበር።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ መጣ። "እኔ እንደዛ አላልኩም!"

ጋሽ ነስሩ። እውነተኛው። ለአረፋ መጥተው፣ የወንድማቸውን ስም ፖስተር ላይ አይተው ሹልክ ብለው ገብተው ኖሯል። ፂም የሚባል ነገር የላቸውም።

የሰው ቤት ለዘላለም ዘጋሁ አልኩ።

"ከድር፣ ለቅሶህን አልደርስም ብዬሃለሁ? እንዲህ ብለህ ነው ለዚህ ልጅ የነገርከው?"

ሀጂ ብድግ አሉ። "ወላሂ አልነገርኩም! ይሄ ልጅ ነው የጨመረው!"

ሁለቱም እኩል ዞረው አዩኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መጀመሪያ የተስማሙበት ጉዳይ የእኔ ጥፋት ሆነ።

"አጥፊው ታውቋል" አሉ ሽማግሌው። ምን አደርጋለሁ? ተንበርክኬ የሁለቱንም ጉልበት ሳምኩ። ፂሜ የጋሽ ነስሩ ሱሪ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ጋሽ ነስሩ ፂሙን አንስተው አዩትና ሳቁ። ሀጂም ሳቁ፤ ሳቃቸው መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። "በሩ ክፍት ነው እኮ" አሉ።

"አንብቤዋለሁ። ለአንባቢ ከምትናገር እኔን ብትጠራኝ ምን ነበረበት?"

ተያይዘው ወጡ። ተመልካቹም ተከትሏቸው ወጣ። ቲያትሩ እዚያው ላይ ቀረ፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ይሄን የምጽፈው ሀጂ ግቢ ቁጭ ብዬ ነው፣ ሥጋ ቀርቦልኛል። ከንፈሬ ላይ ያለው ሙጫ ግን አልለቅ ብሏል። ሀጂ መጽሐፉን እንደገና ሲያሳትሙ አንድ ምዕራፍ ሊጨምሩ ነው። "አንተም አለህበት" አሉኝ እየሳቁ።

ቅመም እንዳይጨምሩብኝ ዱዓ አድርጉልኝ።